ኢብኑል ሀይሰምና የቆርቆሮው ቀዳዳ

ሮቤም ሆነ ጎባ፣ በሩ በተዘጋ ቤት ውስጥ በጣሪያ ቆርቆሮ የምስማር ቀዳዳ ሾልኮ የሚገባውን የፀሐይ ጨረር ያላየ የለም። ቀዳዳው የተንሻፈፈ ቢሆን እንኳ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ክብ ነው። ለምን? ከሺህ ዓመት በፊት እንዲህ ያለውን ነገር አጥብቀው የመረመሩ አንድ ዓሊም ነበሩ።

አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሰም በ354 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ965) ገደማ በስራ ላይ ተወለዱ። የዐባይን ጎርፍ መቆጣጠር ይቻላል ማለታቸውን የሰማው የግብፅ ገዥ አል-ሓኪም ካይሮ አስጠራቸው። ከሀገራችን ደጋ የሚወርደውን ውሃ ደቡብ ግብፅ ድረስ ሄደው ሲያዩት ግን ዕቅዳቸው እንደማይሠራ ተረዱ፤ መሳሳታቸውንም አመኑ። የገዥውን ቁጣ ፈርተው እብድ መስለው፣ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1021 እስኪጠፋ ድረስ ከቤት ተዘግተው መቆየታቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል።

ሰባት ክፍል ያለው ኪታቡል መናዚር የተሰኘው ሥራቸው የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። እነ ዩክሊድና በጥሊሞስ ጨረር ከዓይን ይወጣል ሲሉ፣ እርሳቸው ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይን እንደሚመጣ አስረዱ። ከጨለማ ክፍል ቀዳዳ ፊት ለፊት መብራቶች ደረደሩ፤ አንዱ ሲሸፈን ግድግዳው ላይ የጠፋው የዚያው የአንዱ ብርሃን ብቻ ነበር። ብርሃናት በአንድ ቀዳዳ ቢያልፉም አይደበላለቁም። በቤታችን ወለል ላይ ያለው ክብም የፀሐይዋ የራሷ ምስል ነው፤ ፀሐይ ስትጋረድ እርሱም ማጭድ ይመስላል።

መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1572 ባዝል ላይ ታተመ። ሁሉንም ግን አልጨረሱም። ብርሃን እንደ ሞገድ እንደሚጓዝ ሆይገንስ በ1690 ባሳተመው ሥራ ገለጸ፤ ሁለት ብርሃን ሲገናኝ አንዳንድ ቦታ ላይ ጨለማ ሊፈጥር እንደሚችል ደግሞ ያንግ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሳየ። ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ በፈሰሰ ነዳጅ የምናየው ኅብረ ቀለም የዚሁ የሞገድ ሥራ ነው።

ኢብኑል ሀይሰም እ.ኤ.አ. በ1040 ገደማ ካይሮ ላይ አረፉ። እኛ ዛሬ በየስብሰባው ስማቸውን እየጠራን አውሮፓን አስተማርን እንላለን። ኩራት ግን ዒልም አይሆንም። እርሳቸው የታላላቆችን ቃል ሳይመረምሩ አልተቀበሉም፤ የራሳቸውንም ስህተት አልደበቁም። የባሌ ልጅ ስለ ቆርቆሮው ቀዳዳ ሲጠይቅ ዝም በል የምንለው ከሆነ፣ ወራሾቻቸው ነን ማለታችን ባዶ ነው። ቁርኣን ማስተንተንን ያዛል፤ ማስተንተንም የሚጀምረው ከጥያቄ ነው።

አላህ ይዘንላቸው።