ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሰማዕት

ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በሰላሌ ተወለዱ። በግንቦት 1921 ዓ/ም በግብፅ አገር ከሦስት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ጋር ጵጵስና ተሾሙ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ/ም የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። አቡኑም ለጠላት እንዲያድሩና አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠየቁ። ይህ ውግዘት ቢነገር ኖሮ፥ ዲላና ጌዴኦ በነበሩበት በሲዳሞ ግዛት ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር የሚዋጋውንም አርበኛ ከቤተ ክርስቲያን በለየው ነበር።

አቡኑ መሣሪያቸው መስቀል ብቻ ሲሆን፥ እሺ አላሉም። ስለዚህ ታስረው በጦር ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ/ም በአዲስ አበባ በሕዝብ ፊት በጥይት ተደብድበው ሞቱ። አንዲት ቃል ነፍሳቸውን ባተረፈች፥ የሕዝባቸውን ኅሊና ግን ባሰረች ነበር። ሐውልታቸው በአዲስ አበባ ቆሟል። በረከታቸው በዚህ ደብር ምእመናን ላይ ይደር፤ አሜን።