ኸሊፋው ግንብ የዘለሉበት ሌሊት

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ከ13 ዓመተ ሒጅራ ጀምሮ፣ በ23 ሱብሒ ሲያሰግዱ እስከተወጉ ድረስ ኸሊፋ ነበሩ። ሌሊት መዲናን እየዞሩ ይቃኙ ነበር። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ እንደዘገቡት፣ አንድ ሌሊት ግንብ ዘለው ገብተው የቤቱን ባለቤት ወንጀል ላይ አገኙት። ሰውዬው ጥፋቱን አልካደም፤ የኸሊፋውንም ሦስት ጥፋት ቆጠረ፦ ሰልለዋል፣ በበር አልገቡም፣ ፈቃድ አልጠየቁም። በሦስቱም ላይ ቁርኣን ግልጽ ትእዛዝ አለው (49፥12፣ 2፥189፣ 24፥27)። ዑመር ተውበት እንዲያደርግ አሳስበው ትተውት ወጡ። በዓይናቸው አይተውታል እኮ!

በአገራችን በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ (አንቀጽ 32 እና 33) ከተዘረዘሩ አስቸኳይ ሁኔታዎች በቀር ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ቤት መበርበርን ይከለክላል፤ ፍርድ ቤት ካልፈቀደም ብርበራው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ተፍኪ ላይ የተከራያችኋት አንዲት ክፍልም መኖሪያ ቤት ናት።