ቀን ቆርጦ የሞተው ሊቅ፤ የኤድመንድ ሃሌይ ሕይወት

ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ፥ ከካፋም ጫካ የፈለቀው ቡና በ17ኛው መቶ ዓመት በየመን በሞካ ወደብ በኩል ለንደን ደርሶ ነበር። የከተማይቱ ሊቃውንትም በየቡና ቤቱ እየተሰበሰቡ ስለ ሰማይ ነገር ይከራከሩ ነበር። ከነዚህም አንዱ ኤድመንድ ሃሌይ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃሌይ በ1656 የአንድ ሀብታም ሳሙና ሠሪ ልጅ ሆኖ ተወለደ። በኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ፥ ገና በሃያ ዓመቱ፥ ዲግሪውን ሳይጨርስ ወደ ቅድስት ሄለና ደሴት ተሻግሮ የ341 የደቡብ ከዋክብትን ቦታ ለክቶ መዘገበ። በ1684 ኒውተንን አግኝቶ የፕላኔቶችን መንገድ በስሌት እንዲጽፍ ወተወተው። የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ገንዘቡን ስለ ዓሣ በተጻፈ መጽሐፍ ጨርሶ ስለ ነበር፥ በ1687 የወጣውን የኒውተንን ታላቅ መጽሐፍ ሃሌይ ከኪሱ ከፍሎ አሳተመው።

በዚያ ዘመን ጅራታም ኮከብ የንጉሥ ሞት፥ የጦርነትና የረኃብ ምልክት ይባል ነበር፤ በእኛም አገር እንዲሁ። ሃሌይ ግን በኒውተን ሕግ የ24 ጅራታም ከዋክብትን ምሕዋር አስልቶ በ1705 አሳተመ። በ1531፥ በ1607ና በ1682 የታዩት ሦስቱ በአንድ መንገድ፥ ከፕላኔቶች በተቃራኒ አቅጣጫ የሄዱ ሆነው አገኛቸው። በመካከላቸውም 75 ወይም 76 ዓመት አለ። ስለዚህ ሦስቱ አንድ ኮከብ ናቸው፥ በ1758 መጨረሻ ገደማ ይመለሳል አለ። ያን ጊዜ ዕድሜው 102 ዓመት ሊሆን ነው! ለልጅ ልጁ ቡና ጥላ እንዲሆን ዋንዛ እንደሚተክል ሽማግሌ፥ ፍሬውን እንደማያይ እያወቀ ሠራ።

በ1742 ሞተ። በ1758 በፈረንጆች ገና ዕለት በጀርመን አገር ፓሊትሽ የሚባል ገበሬ ኮከቡን አየው። ጁፒተርና ሳተርን በስበታቸው እንደሚያዘገዩት ፈረንሳዊው ክሌሮና ረዳቶቹ አስቀድመው አስልተው ነበር፤ ለፀሐይ በሚቀርብበት ቀን የሳቱት አንድ ወር ያህል ብቻ ነው።

ሃሌይም የሳተበት አለ። የ1680ው ታላቅ ጅራታም ኮከብ በ575 ዓመት ይመለሳል ብሎ ነበር፤ ዛሬ ግን ዙሩ ወደ አሥር ሺህ ዓመት እንደሚጠጋ ታውቋል። የሆነ ሆኖ ይህ ክብሩን አይቀንሰውም። ጠንቋይ ቀን አይቆርጥም፤ ስለዚህም ውሸቱ አይያዝም። ሃሌይ ግን ቀን ቆርጦ፥ ስሌቱን በግልጽ ጽፎ፥ ከሞተ በኋላ ማንም ሊፈርድበት እንዲችል ራሱን አሳልፎ ሰጠ። የእኛ ትምህርት ከዚህ ያነሰ ድፍረት ሊኖረው አይገባም።

ኮከቡ አፄ ምኒልክ ታመው በተኙበት በ1910 ተመልሷል፤ በ1986ም እንዲሁ። ከእንግዲህ የሚጠበቀው በ2061፥ በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2053 ነው። ወሩ ክረምት ስለ ሆነ በቴፒ ሰማይ ደመና ይጋርደው ይሆናል፤ መምጣቱ ግን አይቀርም።