አባ ጎርጎርዮስ፦ ቋንቋን ከነባህሉ ያስተማሩ የመካነ ሥላሴ ሊቅ

አንድ ቋንቋ ከተናጋሪው ሕዝብ አኗኗርና ልማድ ተነጥሎ ሊታወቅ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ በ1649 በሮም ከተማ በኢትዮጵያውያን መንፈሳውያንና በአንድ ወጣት ጀርመናዊ መካከል ተነሥቶ ነበር። ከኢትዮጵያውያኑ መካከል የነበሩት አባ ጎርጎርዮስ በተከታዮቹ ዓመታት ለጥያቄው በተግባር መልስ የሰጡ ሊቅ ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ በ16ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ገደማ በቀድሞው የአማራ ግዛት፣ በኋላ ወሎ በተባለው አካባቢ፣ በመካነ ሥላሴ ተወለዱ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ለፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ቅርብ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1632 የነገሡት አፄ ፋሲለደስ የቀደመውን ሃይማኖት አጽንተው ኢየሱሳውያኑን ከሀገር ባስወጡ ጊዜ ጎርጎርዮስም ስደትን መረጡ። ከብዙ እንግልት በኋላም ሮም ደርሰው ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ በሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት አረፉ። ቤቱ የኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ ከመሆኑም በላይ፣ አባ ተስፋ ጽዮን ከመቶ ዓመት ቀደም ብለው የግዕዙን አዲስ ኪዳን ያሳተሙት በዚያው ተቀምጠው ነበር።

ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል። የኤርፈርት ተወላጅ ሲሆን ያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነበር። ግዕዝን በሀገሩ ሆኖ ከጥቂት የታተሙ መጻሕፍት ለብቻው አጥንቷል። ኋላ እርሱ ራሱ እንደጻፈው፣ ወደ ቤቱ መጥቶ ፍላጎቱን ሲገልጽ መንፈሳውያኑ ይህ ቋንቋ ከኢትዮጵያ ውጪ ሊለመድ እንደማይችል ነገሩት። የብራና መጽሐፍ አቅርበው እንዲያነብ ባደረጉት ጊዜም አነባበቡ አሳቃቸው። እንደ ጠ፣ ጰ፣ ጸና ቀ ያሉት ድምፆች በጀርመንኛ የሉምና ወጣቱ ከወረቀት ላይ ሊሰማቸው አይችልም ነበር። ያነበበውን መተርጎም ሲጀምር ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ጽሑፉን ያውቃል፣ ንግግሩን ግን አያውቅም ነበር ማለት ነው።

ጎርጎርዮስና ሉዶልፍ መጀመሪያ ላይ የሚግባቡበት የጋራ መናገሪያ ስላልነበራቸው በአስተርጓሚ ይነጋገሩ እንደነበር ይታወቃል። ቆይተው ግን ግዕዝን ራሱን መነጋገሪያ አደረጉት። ተማሪው በአውሮፓ ልማድ ሕግና ሠንጠረዥ ይጠይቃል፤ መምህሩ ደግሞ ቋንቋን በዚያ መልክ በታትኖ ማቅረብን የለመዱ አልነበሩም። ይህን አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች የሰዋስው ዕውቀት ማነስ አድርገው መውሰዳቸው ተገቢ አይመስልም። የቅኔ ቤት ግስና አገባብ የራሱ የጠለቀ ሥርዓት አለው፤ የሚተላለፈው ግን በቃል፣ በዜማና በምሳሌ ነው። ስለሆነም ሉዶልፍ ሕጉን ከመምህሩ አንደበት እየለቀመ ማውጣት ነበረበት።

ትምህርቱ የደረጀው እ.ኤ.አ በ1652 ነው። በዚያ ዓመት የጎታው መስፍን ኤርንስት ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን ጋበዟቸው፤ ሉዶልፍም እስከ ኑረምበርግ ሄዶ ተቀበላቸው። በመስፍኑ ዘንድ በቆዩባቸው ጥቂት ወራት ስለ ሃይማኖት ሥርዓት፣ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ሕዝቡ አኗኗርና ስለ አገሩ አቀማመጥ በየዕለቱ ይጠየቁ ነበር። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ከፖርቱጋል ጸሐፊዎች የተወሰዱ መረጃዎች ቢኖሩም፣ ከዚህ ቆይታ የተገኘው ድርሻ ከፍተኛ ነው። ጤፍና እንሰት በመጽሐፉ ስፍራ አግኝተዋል፤ ቀደም ሲል ስለ ኢትዮጵያ የተሠራጩ ብዙ ተረቶችም ተነቅፈውበታል።

ከግዕዙ ጎን ሉዶልፍ አማርኛንም የቀሰመው ከእኚሁ ሰው ነው። አማርኛ ያን ጊዜ የአፍ ቋንቋ እንጂ በብዛት የሚጻፍ አልነበረምና ከመጽሐፍ ሊገኝ አይችልም። በዛሬው አማርኛ እንኳን አንተ፣ አንቺና እርስዎ መባላቸውን ሰዋስው ይዘረዝራል፤ ለማን፣ መቼና በምን ሁኔታ እርስዎ እንደሚባል የሚያውቀው ግን ልማድ ነው። ወደ ሌላ አካባቢ ተመድቦ የኅብረተሰቡን ቋንቋ የተማረ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ችግር ሳያውቀው አይቀርም።

ጎርጎርዮስ ወደ ኢጣልያ ከተመለሱ በኋላ ትምህርቱ በግዕዝ በሚጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ቀጠለ። ደብዳቤዎቹንም ዮሐንስ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ በ1890ና በ1891 አሳትሟቸዋል። መምህሩ ግን ሀገራቸውን ለማየት ይናፍቁ ነበር። እ.ኤ.አ በ1658 ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ የተሳፈሩባት መርከብ በእስክንድሮና አቅራቢያ ሰጥማ ሕይወታቸው አለፈ። ያስተማሩት ቋንቋ በተማሪያቸው እጅ ታትሞ አላዩም። የግዕዙ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን የወጡት እ.ኤ.አ በ1661 ሲሆን፣ የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው ደግሞ ከነመዝገበ ቃላቱ የወጣው ከሞቱ 40 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ በ1698 ነው።

ሉዶልፍ እ.ኤ.አ በ1683 በግዕዝ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ደብዳቤ ጽፎ አሳትሟል። ኢትዮጵያን ሳያይ እ.ኤ.አ በ1704 በፍራንክፈርት አረፈ። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኢትዮጵያና ኤርትራ ጥናት ማዕከል በእርሱ ስም ይጠራል። የመምህሩን ምስል ደግሞ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ በ1691 ባወጣው የታሪኩ ማብራሪያ መጽሐፍ ውስጥ አስቀርጾ አኑሮታል።