የባሕሩ ዘር የት ይከርማል? የካትሊን ድሩ ቤከር ሕይወት

ገበሬ ዘሩን ያውቃል። ከምርቱ መርጦ በጎተራ ያኖረዋል፤ ወቅቱ ሲደርስም አበጥሮ ይዘራዋል። ዝናብ ቢዘገይበት፣ ተባይ ቢበረታበት እንኳ ዘሩ የት እንደ ከረመ አይጠፋውም። በጃፓን የባሕር ዳርቻ ኖሪ የሚባለውን የሚበላ የባሕር አረም የሚያመርቱ ሰዎች ግን ለብዙ ትውልድ ይህ ዕውቀት አልነበራቸውም። ሞቃቱ ወራት አልፎ ውኃው መቀዝቀዝ ሲጀምር ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ ቀርከሃ ይተክላሉ፣ መረብ ይዘረጋሉ፤ ዘሩን የሚያመጣው ግን ባሕሩ ራሱ ነበር። ባሕሩ በለገሰበት ዓመት ያተርፋሉ፤ በነፈገበት ዓመት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ከዚህም የተነሣ ኖሪ የዕድል ሣር ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

ይህን ምሥጢር የፈቱት ከጃፓን በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው፣ በእንግሊዟ ማንቸስተር ከተማ የኖሩ አንዲት ተመራማሪ ናቸው።

ካትሊን ሜሪ ድሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 6 ቀን 1901 በእንግሊዝ ላንክሻየር አውራጃ፣ ሊ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በትምህርታቸው ብርቱ ስለነበሩ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1922ም በዕጽዋት ሳይንስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። ሴቶች በዚህ ደረጃ መመረቃቸው በዚያ ዘመን እምብዛም የተለመደ አልነበረም። ከዚያም በዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆኑ፤ ቆይተውም አሜሪካ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት በምርምር አሳለፉ። ቀልባቸውን የሳበው በባሕር ዓለቶች ላይ የሚበቅለው ቀይ አልጌ ነበር።

በ1928 ሄንሪ ራይት ቤከር የተባሉ ምሁር አገቡ። ይህ ጋብቻ ግን ሥራቸውን አሳጣቸው፤ ዩኒቨርሲቲው ያገቡ ሴቶችን በመምህርነት አይቀጥርም ነበርና። ካትሊን ከመምህርነት ወንበራቸው ተነሡ እንጂ ከምርምራቸው አልተነሡም። በክብር ተመራማሪነት ስም፣ ያለ ደመወዝ፣ ወደ ቤተ ሙከራው መመላለሳቸውን ቀጠሉ። ሁለት ልጆች እያሳደጉ የምርምር ጽሑፎችን ማሳተም አላቋረጡም፤ በ1939ም የሳይንስ ዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ።

ካትሊንን ለረጅም ጊዜ ያስጨነቃቸው ጥያቄ የፖርፊራ ሕይወት ነበር። ፖርፊራ የጃፓኑ ኖሪ የቅርብ ዘመድ ሲሆን በእንግሊዝና በዌልስ ዳርቻዎች ይበቅላል፤ የዌልስ ሰዎችም ለረጅም ሰዓት ቀቅለው፣ እንደ ገንፎ አልመው ይመገቡታል። ቅጠሉ ስስ ነው፤ በቀዝቃዛው ወራት በዓለት ላይ ተንሰራፍቶ ይታያል፤ ሞቃቱ ወራት ሲመጣ ግን ብዙው ይጠፋል። ከመጥፋቱ በፊት በዐይን የማይታዩ ስፖር የሚባሉ የመራቢያ ቅንጣቶችን በውኃው ውስጥ ይበትናል። እነዚህ ቅንጣቶች የት ገብተው እንደሚሰነብቱ ማንም አያውቅም ነበር።

ካትሊን ቅንጣቶቹን በቤተ ሙከራ አበቀሉ። የበቀለው ግን ቅጠል ሳይሆን ቀጭን ክር ነበር። ክሩ ዛጎል ሲቀርብለት ዛጎሉን ሰርስሮ ገባ፤ በውስጡም እየተሰራጨ ሮዝ ቀለም ያለው ድር ሠራ። ይህ ድር ለሳይንስ እንግዳ አልነበረም፤ ኮንኮሴሊስ የሚል ስም ተሰጥቶት ከ1892 ጀምሮ ራሱን የቻለ ሌላ ዝርያ ተደርጎ ይታወቅ ነበር። ካትሊን ግን ሁለት ፍጥረት የተባሉት በእርግጥ አንድ ፍጥረት መሆናቸውን አረጋገጡ። ፖርፊራ ሞቃቱን ወራት የሚያሳልፈው ከባሕሩ ወለል በተጣለ ዛጎል ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። ይህን ግኝታቸውን በ1949 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት በአጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ከመምህርነታቸው ከተነሡ 21 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

በዚያን ጊዜ ጃፓን ከጦርነት ጉዳት ገና አላገገመችም፤ ሕዝቡ ምግብ አጥሮት ነበር። የኖሪ ምርትም ክፉኛ አሽቆልቁሎ፣ ከእርሱ ሌላ መተዳደሪያ ያልነበራቸው የዳርቻ ቤተሰቦች ተቸግረው ነበር። የካትሊን ግኝት የጃፓናዊው የአልጌ ተመራማሪ የሶኪቺ ሴጋዋ እጅ ደረሰ። ሴጋዋና ሌሎች ጃፓናውያን ምሁራን በአገራቸው ኖሪ ላይ ሞክረው ትክክለኛነቱን አዩ፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ከዛጎሉ የሚወጡት ቅንጣቶች ተመልሰው ቅጠል እንደሚሆኑም አረጋገጡ። በኩማሞቶ ግዛት የነበሩት ፉሳዎ ኦታ ደግሞ ዕውቀቱን ለአምራቹ ወደሚጠቅም ዘዴ ለወጡት።

ዘዴው ለገበሬ እንግዳ አይደለም፤ የችግኝ ጣቢያ ነው። አምራቾቹ ዛጎሎችን በገንዳ ውስጥ ደርድረው ከቅጠሉ የወጡትን ቅንጣቶች ያሳድሩባቸዋል። ክሩ በሞቃቱ ወራት በዛጎሉ ውስጥ ያድጋል። ቀኑ ሲያጥር፣ ውኃውም ሲቀዘቅዝ አዲስ ቅንጣቶች ይወጣሉ፤ እነዚህ በመረብ ላይ እንዲያዙ ተደርገው መረቡ ወደ ባሕር ይወሰዳል። ክረምቱን ሙሉ ከአንድ መረብ ደጋግሞ መሰብሰብ ይቻላል። የተሰበሰበው ተከትፎ፣ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ተነጥፎ ይደርቃል፤ ሩዝ ይጠቀለልበታል። አውሎ ነፋስና የባሕር ብክለት ዛሬም ያሰጋሉ። ሆኖም አምራቹ ዘሩን በእጁ ስለያዘ እንደ ቀድሞው የማዕበል ችሮታ አይጠብቅም።

ካትሊን በ1952 የብሪታንያ የአልጌ ጥናት ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ነበሩ፤ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንትም ሆኑ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 1957፣ በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። ጃፓንን አላዩም። ከግኝታቸውም ሀብት አላተረፉም።

ያላዩዋቸው ሰዎች ግን አልረሷቸውም። በ1963 የኖሪ አምራቾች ገንዘብ አዋጥተው በኩማሞቶ ግዛት፣ በኡቶ ከተማ፣ የአሪያኬን ባሕር ቁልቁል ከሚያሳይ ኮረብታ ላይ ሐውልት አቆሙላቸው፤ የባሕር እናት የሚል ስምም ሰጧቸው። የክረምቱ ምርት ተሰብስቦ በሚያበቃበት ወቅት፣ በየዓመቱ ኤፕሪል 14 ቀን፣ አምራቾቹ በሐውልቱ ዙሪያ ተሰብስበው ያመሰግኗቸዋል። ከዚያም ወደየቤታቸው ተመልሰው ለመጪው ዘመን ዘር የሚከርምባቸውን ዛጎሎች ይንከባከባሉ።