ኸዲቭ ኢስማኢል፦ ቦዩን መርቆ አገሩን ያስያዘው

ግብፅን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1863 እስከ 1879 የገዛውን ኸዲቭ ኢስማኢልን ባሰብኩ ቁጥር፣ ወለድ አገርን እንዴት እንደሚበላ ይታየኛል። የስዊዝ ቦይ ኩባንያ በ1858 ሲቋቋም 400 ሺህ አክሲዮኖችን፣ እያንዳንዱን በ500 ፍራንክ ለሽያጭ አቀረበ። አጎቱ ሰዒድ ፓሻ ከ176 ሺህ በላዩን ለግብፅ ያዘ። ኢስማኢልም በ1869 ቦዩን በታላቅ ድግስ መረቀ፤ ለቦዩም ለባቡሩም ለቤተ መንግሥቱም ከአውሮፓ ባንኮች ተበደረ። አሮጌውን ዕዳ በአዲስ ብድር ከፈለ። በ1875 አክሲዮኑን ለእንግሊዝ በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠ፤ በዚያው ዓመት ወደ አገራችን ያዘመተው ጦር ጉንደት ላይ ተደመሰሰ። በ1876 መክፈል አቃተው፤ አበዳሪዎች የግብፅን ገቢ ተቆጣጠሩ። በ1879 ከሥልጣን ወረደ፤ በ1895 ኢስታንቡል ውስጥ በስደት ሞተ። ዕዳውን በግብር የከፈለው ግን ቦዩን በጉልበቱ የቆፈረው ገበሬ ነው። ልማትን አንጠላም፤ ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ግን አስቀድመን እንጠይቅ።