ፖል ኤርሊክ፦ ዒላማውን የማይስት መድኃኒት የፈለጉ ሐኪም

ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊክ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1854 ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው ስትሬለን ከተማ ተወለዱ። ተማሪ ሳሉ ማቅለሚያ አንዱን ሕዋስ አቅልሞ ሌላውን መተዉ ቀልባቸውን ሳበው። በ1878 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍም ማስት ሴል የተባለውን የበሽታ መከላከያ ሕዋስ ለይተው አሳወቁ።

ከዚህ የዕድሜ ልክ ጥያቄያቸው ተወለደ፤ ቀለም ሕዋስን ከመረጠ፣ መድኃኒትስ ጤነኛውን አካል ሳይነካ በሽታውን ብቻ ስለ ምን አይመታም?

የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው በ1888 ለማገገም ወደ ግብፅ ተጓዙ፤ ሲሻላቸውም ወደ ምርምራቸው ተመለሱ። በ1908 ከኢልያ ሜችኒኮፍ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። በ1909 በቤተ ሙከራቸው ጃፓናዊው ሳሃቺሮ ሃታ፣ 606 የሚል ቁጥር የተሰጠው ውሁድ የቂጥኝን ተሕዋስ እንደሚያጠፋ አረጋገጡ። ውሁዱ በ1910 ሳልቫርሳን ተብሎ ለሕሙማን ቀረበ።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ አርሴኒክ ነበረበትና ብዙዎችን ሲፈውስ አንዳንዶችን ጎዳ፤ በኤርሊክም ላይ ብርቱ ክስ ተነሣ። እርሳቸው ግን ማሻሻሉን አልተዉም፤ በ1912 በቀላሉ የሚሟሟ ኒዎሳልቫርሳን ለአገልግሎት በቃ።

የሰውነት መከላከያ ኃይል ካንሰርን ሊገታ እንደሚችልም አስቀድመው አመልክተው ነበር። ኦገስት 20 ቀን 1915 አረፉ። በ2000 አሜሪካ መርዛማ መድኃኒትን በፀረ እንግዳ አካል አሳፍሮ ወደ ደም ካንሰር ሕዋሳት የሚያደርስ የመጀመሪያውን ሕክምና ፈቀደች። የኤርሊክ ጥያቄ ከሞታቸው 85 ዓመታት በኋላ መልስ ማግኘት ጀመረ።